የአቅል አማና

ሰውን ከአፈር ፈጥሮ የነገሮችን ስም ላስተማረው ለአላህ ምስጋና ይገባው። ሰላትና ሰላም በነቢያችን በሙሐመድ፥ በቤተ ሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ሁሉ ላይ ይሁን። ከዚህ በኋላ፤

አንባቢ ሆይ! አላህ ይዘንልህና ዕወቅ፤ ዐረቦች የሰውን አእምሮ «ዐቅል» ብለው ሲጠሩት ቃሉ ግመል ከሚታሰርበት ገመድ፥ ከ«ዒቃል»፥ ጋር አንድ ሥር ነው። መንገደኛ ማታ ሲያርፍ የግመሉን የፊት እግር አጥፎ በዒቃል ያስረዋል፤ ግመሉም ቆሞ ያድራል እንጂ በበረሓው አይጠፋም። የሰው ሐሳብም እንደዚሁ ነው፤ የሚይዘው ከሌለ ወደ ታየው ለምለም ሁሉ ይሄዳል። ይህ ቃል ወደ አማርኛችንም ገብቶ፥ ሰው ራሱን ሲስት «አቅሉን ሳተ» እንላለን። ገመዱ ተፈታ ማለታችን ነው።

ዛሬ ልነግርህ የፈለግሁት ስለ ብልጠት አይደለም። ብልጥ ሰው በየገበያው ሞልቷል፤ ቀበሮም ብልጥ ናት። የምናገረው እጅ የማይዳስሰውን፥ ዓይንም የማያየውን ነገር በልብ አንሥቶ ስለሚመዝነው ኃይል ነው። ይህ ኃይል እንዴት እንደሚያድግ፥ በምን እንደሚደክም፥ ከአንድ ሰው በተወሰደም ጊዜ በሱ ዙሪያ ያለነው ምን ግዴታ እንዳለብን እነግርሃለሁ።

አንተ ነጋዴው ይህን ኃይል ስሙን ባትጠራውም ከማንም ይልቅ ታውቀዋለህ። አንድ ደንበኛ አንድ ኩንታል ስኳር በዱቤ ወስዶ እስከ ሸዕባን መጨረሻ እከፍላለሁ ይልሃል። ስኳሩ ይታያል፤ በተሸካሚው ጀርባ ላይ ነው። ዕዳው ግን የት አለ? ሱቅህን አገላብጠህ ብትፈልገው አታገኘውም። ቀለም የለውም፤ ሚዛንም አያነሣውም። ሁለታችሁ ብትሞቱ እንኳ በልጆቻችሁ መካከል ቆሞ ይኖራል። አሥርን ራሱን ያየ ሰውም የለም፤ አሥር በሬ አይተሃል፥ አሥር ጆንያ አይተሃል፥ አሥር ራሱ ግን በአቅል ካልሆነ በቀር አይታይም። ኢማም አልገዛሊ ስለዚህ ሲጽፉ፥ አንድ ሰው ሦስት ከአሥር ይበልጣል ብሎ ለማስረጃው በትሩን እባብ አድርጎ ቢያሳያቸው፥ በሰውዬው ችሎታ ይደነቃሉ እንጂ አሥር እንደሚበልጥ ማወቃቸውን እንደማይጠራጠሩ ገልጸዋል። በፊትህ የተደረገ ተአምር እንኳ የማይነቀንቀው ዕውቀት ከዓይን የመጣ አይደለም።

በዐባሲዩ ኸሊፋ በአልመእሙን ዘመን፥ በፈረንጆች አቆጣጠር ከ813 እስከ 833 ባለው ጊዜ፥ ሙሐመድ ኢብን ሙሳ አልኸዋሪዝሚ የሚባል ሊቅ በባግዳድ ስለ ጀብርና ሙቃበላ መጽሐፍ ጻፈ። ዛሬ በዓለም ትምህርት ቤቶች ሁሉ «አልጀብራ» የሚባለው ስሙን ያገኘው ከዚያ መጽሐፍ ነው፤ «አልጎሪዝም» የሚለው ቃልም የሊቁ የራሱ ስም ነው። ልብ በል፤ ይህ ሰው መጽሐፉን የጻፈው ለመራቀቅ ብሎ ብቻ አይደለም፤ ሰዎች በውርስ፥ በኑዛዜ፥ በንግድና በመሬት ልክ ስለሚቸገሩ መሆኑን ራሱ ይገልጻል። ያደረገውም ታላቅ ነገር ይህ ነው፤ ገና ያልታወቀውን ቁጥር «ሸይእ»፥ ማለት «ነገር»፥ ብሎ ጠርቶ፥ እንደ ታወቀ አድርጎ አስቆጠረው። ያልታወቀውን ስም ከሰጡት በኋላ መያዝ ይቻላል።

ጥቅሙን በምሳሌ ላሳይህ። አንድ ነጋዴ ሚስቱን፥ አንድ ወንድ ልጅና አንዲት ሴት ልጅ ትቶ ሞተ እንበል። ዕዳውና ኑዛዜው ከተፈጸመ በኋላ የቀረው ንብረት በ24 ድርሻ ይከፈላል፤ ለሚስቲቱ 3፥ ለወንዱ 14፥ ለሴቲቱ 7 ይደርሳል። ወንድምየው ለእኅቱ 140 ሺህ ብር ቆጥሮ «ድርሻሽ ይህ ነው» ቢላት፥ የአባቷን ሣጥን ከፍታ ባታይም፥ ወንድሟ ጠቅላላው ሀብት 480 ሺህ ብር ነው እንዳላት ታውቃለች። ሰባቱ ድርሻ 140 ሺህ ከሆነ አንዱ ድርሻ 20 ሺህ ነው፤ ሃያ አራቱም 480 ሺህ ነው። እንግዲህ ዕዳም ኑዛዜም ሳይኖር ሱቁ ብቻውን በ600 ሺህ መሸጡን ከሰማች፥ የተበላባትን ሐቅ ማንም ሳይነግራት አገኘችው። ሴት ልጁን ሒሳብ ያላስተማረ አባት ይህን መሣሪያ ከእጇ ነጥቆ ነው ወደ ቀብሩ የሚሄደው፤ ስለዚህ ጉዳይ ከዚህ የለሰለሰ ቃል አላገኘሁም።

አልኸዋሪዝሚ የተጠራበት አገር ኸዋሪዝም ነው፤ ዛሬ ኡዝቤኪስታንና ቱርክሜኒስታን ተካፍለውታል። ከእርሱ 1100 ዓመት በኋላ፥ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1931 እና በ1932፥ አሌክሳንደር ሉሪያ የሚባል የሞስኮ ሊቅ ወደ ኡዝቤኪስታን መንደሮች ሄዶ ያልተማሩትን ገበሬዎችና ከቤታቸው የማይወጡትን ሴቶች ይጠይቅ ጀመር። ከጥያቄዎቹ አንዱ እንዲህ ያለ ነው፤ በረዶ ባለበት በሩቅ ሰሜን ያሉት ድቦች ሁሉ ነጭ ናቸው፤ አንድ ቦታ በሩቅ ሰሜን ይገኛል፤ በዚያ ያሉት ድቦች ቀለማቸው ምንድን ነው? ብዙዎቹ ገበሬዎች ነጭ ነው ብለው አልመለሱም። እኛ ያየነው ጥቁር ድብ ነው፥ ያላየነውን አንናገርም፥ ሄዶ ያየውን ሰው ጠይቅ አሉት። ጥቂት ወራት እንኳ የተማሩት ግን መልሱን ወዲያው ሰጡት። ሉሪያ ይህን ሥራ በመጽሐፍ ያሳተመው ከ40 ዓመት በኋላ፥ በ1974 ነው፤ በአገሩ መንግሥት ዘንድ ነገሩ አልተወደደለትም ነበርና።

ይህን ሰምተህ በነዚያ ገበሬዎች አትሣቅ። ስለ ጥጣቸውና ስለ ከብታቸው ሲጠየቁ እንደ ማንኛውም ብልኅ ሰው ያመዛዝኑ ነበር። ያላዩትን አለመመስከራቸውም ከጥሩ ሰው የሚጠበቅ ነው፤ እኔ ለምስክርነት ብቆም ከነሱ አንዱ ከጎኔ ቢሆን ደስ ይለኛል። ነገር ግን ምስክርነት ሌላ፥ ፍርድ ሌላ ነው። መስካሪ ያየውን ይናገራል፤ ፈራጅ ካየው ተነሥቶ ወዳላየው ይደርሳል። አባታችን ኢብራሂም (ዐ.ሰ.) ኮከብን፥ ጨረቃንና ፀሐይን አይተው፥ ሁሉም ሲጠልቁ፥ የሚጠልቅ ሁሉ ጌታ ሊሆን እንደማይችል ያስረዱበት ታሪክ በሱረቱል አንዓም ይገኛል። ሦስት ነገር አይተው ስለሚጠልቅ ነገር ሁሉ ፈረዱ።

እንግዲህ ልጆቻችንን ቁርኣን ማስቀራታችን ለዚህ ኃይል ይበቃልን? ይህም ተጠንቷል። ሲልቪያ ስክሪብነርና ማይክል ኮል የሚባሉ ሁለት ሊቃውንት በላይቤሪያ፥ በቫይ ሕዝብ መካከል፥ ብዙ ዓመት ሠርተው በፈረንጆች አቆጣጠር በ1981 መጽሐፍ አወጡ። ከቫዮች አንዳንዱ የገዛ ራሳቸውን ፊደል፥ አንዳንዱ በቁርኣን ቤት ዐረብኛን፥ አንዳንዱ በመንግሥት ትምህርት ቤት እንግሊዝኛን ያነብባል። በቁርኣን ቤት የቀሩት ነገርን በተራው በማስታወስ ብልጫ አሳዩ። ለመልሳቸው ምክንያት እየሰጡ በማስረዳት ግን የበለጡት ትምህርት ቤት የገቡት ናቸው፤ ማንበብ ማወቅ ብቻውን ይህን አላመጣም። እኔ ከዚህ የምረዳው፥ ልጅ ሲሐፍዝ ውሎ ማታ «ለምን?» ተብሎ የሚጠየቅበት ሰዓት ያስፈልገዋል ነው። የቀደሙት ዐሊሞቻችንም ደረሳውን ጽሑፉን ካስያዙ በኋላ ምክንያቱን ያስፈትሹት ነበር፤ ፊቅህ የሚለው ቃል ራሱ መረዳት ማለት ነው።

ምክንያትን መፈተሽ ምን ማለት እንደ ሆነ ከሁሉ የሚያሳየኝ አንድ ምሳሌ አለ፤ ትንሽ ታገሠኝ። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ቃዲ ተቈጥቶ ሳለ በሁለት ሰዎች መካከል እንዳይፈርድ ከልክለዋል። ሐዲሱ ሰሒሕ ነው፤ ቡኻሪም ሙስሊምም ይዘውታል። እንግዲህ አንድ ቃዲ አልተቈጣም፤ ነገር ግን ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመሰም፥ ወይም ጥርሱን ያመዋል፥ ወይም ሽንቱን ይዞ ተቀምጧል። ይፍረድን? ቃሉን ብቻ የያዘ ሰው «የተከለከለው ቁጣ ነው፤ ይህ አልተቈጣም፥ ይፍረድ» ይላል። የኡሱል ሊቃውንት፥ ከነሱም አልገዛሊ፥ እንዲህ አላሉም። ቁጣ የተከለከለው ስለ ምን ነው? ብለው ጠየቁ። ፊት ስለሚያጠቁር ነውን? አይደለም። ድምፅ ስለሚያስጮህ ነውን? አይደለም፤ ዝም ብሎ የሚቈጣም አለና። አንድ በአንድ እየጣሉ ሄደው በመጨረሻ የቀረው፥ ቁጣ ልብን ይዞ አቅልን ከጉዳዩ ያስወጣዋል የሚለው ነው። ዒላው፥ ማለት የሕጉ ምክንያት፥ ከተገኘ በኋላ፥ ረኀብም፥ ሕመምም፥ ሽንትን መያዝም በዚያው ሕግ ውስጥ ገቡ።

በዚህ ውስጥ የተደረገውን ተመልከት። ቁጣና ረኀብ በመልካቸው አይመሳሰሉም፤ አንዱ በፊት፥ አንዱ በሆድ ነው። ዓይን ዘመድ አያደርጋቸውም። አቅል ግን ከሁለቱም መልካቸውን ገፍፎ ከሥር ያለውን አንድ ነገር አወጣ። ቂያስ የሚባለው ይህ ነው፤ ኢማም አሽሻፊዒ (ከ150 እስከ 204 ሂጅራ) በሪሳላቸው ሥርዐቱን ጽፈው አስይዘውታል። የሚያስደንቀኝም ደግሞ፥ ምሳሌው ራሱ ስለ አቅል መደንገዝ መሆኑ ነው።

ዛሬ ብንጨምርበት እንቅልፍ ማጣት በዚህ ሕግ ውስጥ ለመግባት ከሁሉ የቀረበ ነው። በፈረንጆች አቆጣጠር በ2000 የታተመ የአውስትራልያ ጥናት፥ ከ17 እስከ 19 ሰዓት ሳይተኙ የቆዩ ሰዎች ሥራቸው በደማቸው ውስጥ 0.05 ከመቶ አልኮል ካለባቸው ሰዎች ጋር እኩል፥ አንዳንዴም ከዚያ የባሰ ሆኖ መገኘቱን ገልጧል። አንተ ኸምር አትቀምስም፤ አልሐምዱ ሊላህ። ነገር ግን በፈጅር ተነሥተህ ቀኑን ሙሉ በሱቅ ቆመህ፥ ሌሊት በስድስት ሰዓት የሽርክና ውል ስትፈርም፥ አቅልህ ኸምር እንደ ቀመሰ ሰው አቅል ሊሆን ይችላል። ውሉ እስከ ነገ ይደር።

ስለ ጫት የምትጠብቀኝ አንባቢ እንዳለህ ዐውቃለሁ። ኢብን ሐጀር አልሀይተሚ (974 ሂጅራ ያረፉት) በመካ ሳሉ ከየመን ስለ ጫት ተጠይቀው መጽሐፍ ጽፈዋል። የደረሳቸው ወሬ እርስ በርሱ የሚጋጭ ስለ ነበረ፥ አንዱ ልብ ያነቃል፥ ሌላው ይጎዳል ስለሚላቸው፥ ሐራም ነው ብለው ሳይቆርጡ መተዉ እንደሚሻል መከሩ። ዛሬ በቅጠሉ ውስጥ ካቲኖን የሚባል የሚያነቃ ንጥረ ነገር እንዳለ ይታወቃል። የሚያነቃ ነገር ደግሞ እንቅልፍን ያዘገየዋል እንጂ አይተካውም፤ ሐሳብ ፈጠነ ማለትም ሐሳብ ቀና ማለት አይደለም። በምርቃና የተስማሙበትን ዋጋ በማግሥቱ የሚጸጸቱበትን ነጋዴዎች አንተም ሳታውቅ አትቀርም።

ጨው ለምትሸጠው ደግሞ አንድ ቃል። ነፍሰ ጡር ሴትና ሕፃን አዮዲን ካነሳቸው የሕፃኑ አእምሮ ሳያድግ ይቀራል፤ የዓለም ጤና ድርጅት ይህን ሊከላከሉት ከሚቻሉት የአእምሮ ጉዳቶች ዋነኛው ነው ይላል። አዮዲን የሌለበትን ጨው በርካሽ ገዝቶ አዮዲን እንዳለው አድርጎ የሚሸጥ ሰው ሚዛኑ ትክክል ቢሆንም፥ የሚያጎድለው ከጆንያው ሳይሆን ገና ካልተወለደ ልጅ አቅል ነው።

ታላላቆችም ቢሆኑ ከመድከም አላመለጡም። አልገዛሊ በወጣትነታቸው የገዛ አእምሯቸውን ማመን አቅቷቸው ሁለት ወር ያህል ታመው እንደ ነበር፥ በኋላም በ488 ሂጅራ፥ በባግዳድ የኒዛሚያ መምህር ሳሉ፥ ምላሳቸው ታስሮ ማስተማር፥ ምግብም መዋጥ እንደ ተሳናቸው ራሳቸው ጽፈዋል። ሐኪሞቹ ነገሩ ከልብ የመጣ ነው ብለው መድኀኒታቸውን ተዉ። እሳቸው ከዚያ በሽታ ተነሥተው ኢሕያኡ ዑሉሚድዲንን ጻፉ። ስለዚህ ሐዘን ወይም ጭንቀት ወይም ኪሳራ አቅሉን ያደነገዘበትን ወንድምህን ያበቃለት ሰው አድርገህ አትቁጠረው።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ደረስን። በእርጅና ወይም በበሽታ አቅሉ እየሄደ ስላለው ሰው፥ ምናልባትም ስለ ገዛ አባትህ ነው።

በ1ኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ኩርት ጎልድስታይን የሚባል ሐኪም በፍራንክፈርት ራሳቸውን የቆሰሉ ወታደሮችን ያክም ነበር። ውሃ የሞላበት ብርጭቆ ሲሰጠው አንሥቶ የሚጠጣ ቁስለኛ፥ ባዶ ብርጭቆ ተሰጥቶት እንዴት እንደሚጠጣ አሳይ ሲባል አይችልም ነበር። በረዶ ጥቁር ነው ብለህ ተናገር ሲባል፥ እንዲህ አይደለም ብሎ ቃሉን ከአፉ ማውጣት የሚያቅተውም ነበረ። ጎልድስታይን ይህን ሲመረምር፥ እነዚህ ሰዎች ያጡት በፊታቸው የሌለውን ነገር እንዳለ አድርጎ የመያዝን ኃይል መሆኑን ተረዳ። ዕዳንና ውልን፥ የነገንም ቀን የምንይዝበት ኃይል እርሱ ነው። ከግንባር ጀርባ ያለው የአንጎል ክፍል በዚህ ሥራ ትልቅ ድርሻ እንዳለው ዛሬ ይታወቃል።

በመርሳት በሽታም ይኸው ኃይል ቀስ በቀስ ይሄዳል። በፈረንጆች አቆጣጠር በ2021 በዓለም ላይ 57 ሚሊዮን ሰዎች በዚህ በሽታ እንደ ተያዙ የዓለም ጤና ድርጅት ገምቷል። ሐኪሙ ሽማግሌውን «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ማለት ምንድን ነው? ብሎ ይጠይቃቸዋል። ሲመክሩበት የኖሩት ሰው «ሸረሪት ነዋ! ብዙ ድር ያደራል» ይላሉ። ብርቱካንና ሙዝ በምን ይመሳሰላሉ ሲባሉም፥ ፍራፍሬ በመሆናቸው ነው ከማለት ይልቅ ልጣጭ እንዳላቸው ይናገራሉ። በነጋዴ ቤት ግን ምልክቱ ሐኪም ዘንድ ከመሄድ በፊት በደብተሩ ላይ ይታያል፤ ሦስት ጊዜ የተጻፈ ዱቤ፥ ሁለት ጊዜ የተከፈለ ግብር፥ ባልመጣ ዕቃ ላይ የተፈረመ ደረሰኝ። እጃቸው ሚዛኑን እንደ ወትሮው ይይዘዋል፤ ደንበኛውንም በስሙ ጠርተው ያስተናግዱታል። የጠፋው የማይታየው ነው።

ነገር ግን አትቸኩል! የኡዝቤክን ገበሬዎች አስታውስ። በሕይወቱ ትምህርት ቤት ያልገባ ሽማግሌ ያንኑ መልስ ሙሉ ጤነኛ ሆኖ ሊመልስ ይችላል። ስለዚህ አባትህን ከተማረው ጎረቤትህ ጋር አታመዛዝናቸው፤ ከአምስት ዓመት በፊት ከነበሩት ከራሳቸው ጋር አመዛዝናቸው። የታይሮይድ ዕጢ መድከም፥ የቫይታሚን ቢ12 ማነስ፥ ኢንፌክሽን፥ አንዳንድ መድኀኒቶችም አቅልን ያደነግዛሉ፤ እነዚህ ሲታከሙ ሰውዬው ሊመለስ ይችላል። ውርሱን የቸኮለ ልጅ ግን ሐኪም ሳያይ «አባቴ ጃጅተዋል» ይላል፤ ሌላውም የቸኮለ፥ አባቱ የሚፈርሙትን እንደማያውቁ እያየ ጣታቸውን በቀለም ነክሮ በወረቀት ላይ ያስነካል። አንዱ ያለውን አቅል ይክዳል፤ ሁለተኛው የሌለውን አቅል አለ ብሎ ይመሰክራል። ሁለቱም ሌቦች ናቸው።

ሸሪዓችን በዚህ ላይ ጥንቁቅ ነው። በሱረቱል በቀራ ስለ ዕዳ የተነገረው አንቀጽ ከቁርኣን አንቀጾች ሁሉ ረጅሙ ነው። በርሱ ውስጥ ዕዳ ትንሽም ቢሆን ትልቅ ከነጊዜው እንዲጻፍ፥ ቃሉንም ባለ ዕዳው ራሱ እንዲያስጽፍ፥ እርሱ ቂል ወይም ደካማ ወይም ማስጻፍ የማይችል ከሆነ ግን ወሊዩ በትክክል እንዲያስጽፍለት ታዟል። ልብ በል፤ ደካማው ከገበያ አልተባረረም፤ ሐቁም አልተሻረም። ስለ የቲሞችም በሱረቱን ኒሳእ፥ አስተዋይነታቸው በፈተና እስኪታወቅ እንዲጠበቁ፥ ከታወቀ በኋላ ገንዘባቸው በምስክር ፊት እንዲሰጣቸው ታዟል።

ገንዘብ አባካኝ የሆነው ግን አቅሉ ያልጠፋ ጐልማሳ በገንዘቡ እንዳያዝ ይከልከልን? ኢማም አቡ ሐኒፋ (150 ሂጅራ ያረፉት) አይከለከልም ብለዋል፤ ነፃ ሰውን ከገዛ ንግግሩ መከልከል ገንዘቡን ከማጣት የበለጠ ጉዳት ነው፥ ከሰው ተራ ያወጣዋል የሚል ነው ምክንያታቸው። ገና ለጋ ሳለ ገንዘቡ የተያዘበት ቢሆን እንኳ 25 ዓመት ሲሞላው ይሰጠዋል አሉ፤ በዚህ ዕድሜ ሰው አያት ሊሆን ይችላልና። ሁለቱ ደረሶቻቸው አቡ ዩሱፍና ሙሐመድ አሽሸይባኒ፥ ሌሎችም ኢማሞች በዚህ አልተስማሟቸውም። በዘመናችን የአንጎል ሊቃውንት የግንባሩ ክፍል ብስለቱን የሚጨርሰው በሃያዎቹ አጋማሽ ነው ሲሉ፥ አንዳንድ ሰዎች ይህን ከኢማሙ ቃል ጋር ሊያጋቡት ይወዳሉ፤ እኔ አላጋባውም። ኢማሙ የደረሱበት መንገድ ሌላ ነው፤ የሰውን ምክንያት ትቶ መደምደሚያውን ብቻ መውሰድ ከላይ የተናገርነውን ሁሉ ማፍረስ ይሆናል።

አቅሉ ፈጽሞ ስለ ጠፋው ሰው ግን ክርክር የለም፤ ሽያጩም ስጦታውም አይጸናም። አንዳንዴ የሚመለስለት ከሆነ በተመለሰለት ሰዓት ያደረገው ይጸናል። እዚህ ላይ የሸሪኩ አማና ይፈተናል። ከአንድ ሽማግሌ ጋር 30 ዓመት በሽርክና የሠራ ሰው፥ የሽማግሌው ልጆች ገና ያላወቁትን እርሱ ያውቃል። በዚያን ሰዓት ለሱ የሚጠቅመውን ውል ይዞ ቢመጣ፥ ሽማግሌው ይፈርሙለታል፤ በፈገግታም ይፈርሙለታል፤ ምክንያቱም የሚያውቁት ወዳጃቸውን ፊት ነው እንጂ ወረቀቱን አይደለም። ምስክሮቹም «ደኅና ነበሩ፥ ሻይ አብረን ጠጣን» ይላሉ። የዚያን ውል ውስጡን የሚያውቁት ሸሪኩና አላህ ብቻ ናቸው።

ልጅ ሆይ! አባትህ አሁን ደኅና ከሆኑ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) የሚናዘዘው ነገር ያለው ሙስሊም ኑዛዜው ሳይጻፍ ሁለት ሌሊት ማደር እንደማይገባው ማስተማራቸውን በትሕትና አስታውሳቸው፤ በማታ ሳይሆን በጠዋት፥ በጠገቡበትና በተኙበት ቀን። ደብተሩን አብራችሁ ግለጡት። ማን እንዳለባቸው፥ ለማን እንዳለባቸው፥ የሰው አደራ የትኛው እንደ ሆነ እሳቸው እየተናገሩ አንተ ጻፍ፤ እኅትህም ትቀመጥ፥ ሁለት ምስክሮችም ይስሙ። አሁን ደክመው ከሆነ ደግሞ ሐኪም ካየ በኋላ ጉዳዩን ወደ ቃዲው አድርሰህ ጠባቂያቸው ተለይቶ ይታወቅ። እሳቸውን ግን ወደ ሱቁ መውሰድህን አትተው። ከበሩ አጠገብ በወንበራቸው ላይ ይቀመጡ፤ ደንበኛ ሲመጣ ሰላምታውን ይቀበሉ። ዋጋ ከተሳሳቱም በሰው ፊት አታርማቸው፤ ደንበኛውን ወደ ጎን ጠርተህ ትክክለኛውን ዋጋ ንገረው።

ወስሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።